ሳይመታ የሚመልስ ድንጋይ

ከጎንደር ተነስቶ የደባርቅን መንገድ የያዘ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ፣ ኮሶዬን ያገኛል። እዚህ ደጋው ሳያስጠነቅቅ ያልቃል። ከእግር ስር ገደል፣ ከገደሉ ስር ቆላ፣ ከቆላው ማዶ ደግሞ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ተራራ ነው። መንገደኛው መኪናውን አቁሞ ፎቶ ያነሳል፣ «ወይ ግሩም!» ይላል፣ ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ አገሩ ያስደንቃል። በጥቅምት ወር የመጣ እንደሆነ ግን ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ ወደ ገብሱ ማሳ ይዙር። እዚያም የሚደነቅ ነገር አለ፤ ያውም በልጅ እጅ ላይ።

ነገሩ ወንጭፍ ነው። የከተማ ልጅ ወፍ የሚያሳድድበትን ባለ ጎማውን ማለቴ አይደለም። ዳዊት ይዞት የወጣውን፣ ከሁለት ገመድና ድንጋዩ ከሚቀመጥበት ሰፋ ያለ መሃል በቀር ሌላ አካል የሌለውን፣ እረኛው ወገቡ ላይ ጠምጥሞት የሚውለውን ነው። ገብሱ ማሸት ከጀመረበት እስኪታጨድ ድረስ ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ እየወጣ ማሳው ውስጥ ይገባል። ይህን የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ጉሮሮው ነው።

ስለ ወንጭፍ የሚደረገው ሙግት ከኳስ ሙግት አይተናነስም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ማኪያቶውን ይዞ የተቀመጠ የፋሲል ከነማ ደጋፊ ስለ አንድ ወጣት አማካይ «ኳስ ይችላል፣ ግን ሲጫኑት ያባክናል» ብሎ ይከራከራል። ኮሶዬ ላይም እንዲሁ «አወራወሩስ ሸጋ ነው፤ ጭላዳው በሁለት በኩል ሲመጣበትስ?» ይባላል። እኔ የሰማሁት ክርክር ስለ ሁለት ልጆች ነበር። አንደኛው ቁመቱ የረዘመ፣ ክንደ ብርቱ ነው። ሌላው ያነሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ እንኳ ገና ያልጎረነነ። ጥያቄው ያ ትንሹ ልጅ የገደል አፉን ማሳ ብቻውን ይጠብቅ ወይስ አይጠብቅ የሚል ነው።

«ክንድ የለውማ!» አለ አንድ ጎልማሳ። «ያኛው ቢወረውር እገደሉ አፍ ያደርሳል። የዚህ እመንገድ ይወድቃል።»

«ይውደቃ» አሉ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ።

«እንዴት ይውደቅ ይላሉ አባ?»

«እገደሉ አፍ ማን አለህ? ማሳህ እዚህ፣ ድንጋይህ እዚያ!»

ጎልማሳው ሳቀ እንጂ አልተረታም። ሽማግሌውም ለማስረዳት አልደከሙም። እኔ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ የአወራወሩ ጥበብ ሁሉ እዚያች መልስ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

መጀመሪያ ዕቃውን በቅርበት እንየው። ትንሹ ልጅ ወንጭፉን ከወገቡ ፈትቶ ሲሰጠኝ እጄ ላይ ምንም አልከበደኝም። አንደኛው ገመድ ጫፉ ላይ ቀለበት አለው፤ ጣት የሚገባበት ነው። የሌላኛው ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ ቋጠሮ አለች። ይህችን ቋጠሮ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆንጥጠው ይይዟታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ የምትለቀቀው እሷ ናት። ከቋጠሮዋ በኋላ ጥቂት ያልታሰረ ጭራ ተርፏል። ለጌጥ ይመስላል፤ አይደለም። ድንጋዩ በወጣ ቅጽበት ይህ ጭራ አየሩን ሲመታው እንደ ጅራፍ ይጮኻል፤ ጭላዳው ከድንጋዩ በፊት የሚሰማው ይህንን ድምፅ ነው።

ገመዶቹን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሠሪውን ችሎታ እዚያው ያገኘዋል። የተገመደ ገመድ ክብደት ሲንጠለጠልበት መፈታት ይፈልጋል፣ ስለዚህም ይሽከረከራል። እሱ ሲሽከረከር ድንጋዩ የተቀመጠበት መሃል አብሮ ይዞርና ድንጋዩ በጎን ተንከባሎ ይወጣል። ለዚህ ነው ጥሩ ወንጭፍ እንደ ሹሩባ የሚጎነጎነው፤ ጉንጉን እርስ በርሱ ስለሚያያዝ አይዞርም። የልጁ ወንጭፍ ጉንጉኑ መሃል አካባቢ ጠፍጠፍ ይላል፣ ወደ ጣት ሲቃረብ ድቡልቡል ይሆናል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ። ቆይቶ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ገመዱን በጣቶቹ ዳሰሰና ቋጠሮዋን አገኛት። መልሱ ይኸው ነው፤ ጣት ሳይታይ እንዲያውቀው ነው። ዓይን ጭላዳው ላይ ሲሆን ወደ እጅ የሚመለከትበት ጊዜ የለም።

ሁለቱ ገመዶች እኩል መሆን አለባቸው። እኩልነታቸው የሚለካው ግን መሬት ላይ ዘርግቶ አይደለም። ቀለበቱ ጣት ላይ ገብቶ፣ ቋጠሮዋ ተቆንጥጣ፣ ድንጋዩ ተንጠልጥሎ ነው የሚታየው። አንዱ በጥቂቱ ቢረዝም ድንጋዩ ያዘነብላል። ልጁ ቋጠሮዋን ሁለት ጊዜ ፈትቶ እንዳሰራት ምልክቱ ገመዱ ላይ ይታያል፤ አዲስ ገመድ ሲሠራበት እየተሳበ ስለሚረዝም ነው። ሙያው የቆየ ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. የተገኘው የግብጹ ንጉሥ የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥም የተጎነጎኑ ወንጭፎች ነበሩ። ከ3,300 ዓመት በላይ የሆነው ሥራና ይህ የኮሶዬ ልጅ ያሰረው ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዘመዳሞች መሆናቸውን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም።

ድንጋዩም እንዲሁ ተመርጦ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ አየር ላይ ይቀዝፋል፣ ወደፈለገበት ይጠመዘዛል። ስለዚህ ከጅረት የተለቀመ፣ ውኃ ያለሰለሰው፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ይፈለጋል። ትልቁ ቁም ነገር ግን ሁሉም እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ ከብዶ ሌላው ቢቀል እጅ በመጀመሪያው የለመደውን በሁለተኛው ያጣዋል። ትንሹ ልጅ ጭላዳ ሳይመጣ ማለዳ ላይ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ ድንጋይ እየመዘነ ማሳው ዳር ሦስት ቦታ ይከምራል። ትልቁ ልጅ ያገኘውን ያነሳል። ክንዱ ይበቃኛል ብሎ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ውርወራው። ወንጭፍ ያልያዘ ሰው የሚያስበው ወርዋሪው አናቱ ላይ ደጋግሞ እያዞረ፣ እያፈጠነ፣ በመጨረሻ የሚለቅ ነው። ፊልም ላይ እንደዚያ ነው። ጀማሪም እንደዚያ ያደርጋል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ያዞራል፣ ድንጋዩም የት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይለቃል። ያየሁት ልጅ ድንጋዩን መጀመሪያ ዝም ብሎ ያንጠለጥለዋል። ከዚያ ግራ እግሩን ወደፊት ያደርጋል። አንዴ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ያወዛውዘዋል፤ ይህ ድንጋዩ ቦታውን መያዙን በገመዱ ውጥረት ለማወቅ ነው። ቀጥሎ አንድ ዙር ብቻ። ዙሩ ከኋላው ወርዶ፣ በትከሻው ላይ አልፎ፣ ወደፊት ሲመጣ ክብደቱ ከቀኝ እግሩ ወደ ግራው ይሸጋገራል፣ ወገቡ ይዞራል፣ ክርኑ ይከተላል፣ በመጨረሻ የእጁ አንጓ ይመታል። ቋጠሮዋ ትለቀቃለች። ጭራው ይጮኻል። ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ አለቀ።

አንጓው ከየት እንደተማረ ለማወቅ ሁለት ወር ወደ ኋላ መመለስ ነው። በነሐሴ ለቡሄ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ጅራፍን የሚያስጮኸው ጉልበት እንዳልሆነ ያጮኸ ያውቀዋል፤ መጨረሻ ላይ እጅን ወደ ኋላ የሚመልሳት ያቺ ቅጭት ናት። የቡሄው ጅራፍ በጥቅምት ወንጭፍ ይሆናል። ሃይማኖቱም ጨዋታውም ሥራውም አንድ ላይ የተቋጠረበት አገር ነው።

ዙሩ በአናት ላይ እንደ ወፍጮ አግድም ያልሆነው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ይግባ። ክንዱና ወንጭፉ ተደምረው 1 ሜትር ከ20 ያህል ቢሆኑ፣ ድንጋዩም ሲለቀቅ በሰከንድ 30 ሜትር ቢበር፣ ጣት በአንድ ሺኛ ሰከንድ ብትዘገይ የድንጋዩ አቅጣጫ ከአንድ ዲግሪ በላይ ይዛነፋል። 60 ሜትር ላይ ይህ ስሕተት 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ስሕተት ደግሞ አይቀርም፤ ማንም ሰው በሺኛ ሰከንድ አይለካም። አግድም ያዞረ ሰው ስሕተቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወጣበታል። ከላይ ወደ ታች በትከሻው ያሳለፈ ግን መስመሩን አይስትም፤ ስሕተቱ ማጠርና መርዘም ብቻ ይሆናል። ልጁ ይህን ሒሳብ አልተማረም። ነገር ግን ስሕተቱን ወደሚፈልገው በኩል ማባረር ያውቅበታል። አንድን ጥሩ ሠራተኛ ከመካከለኛው የሚለየው ይህ ይመስለኛል፤ የት ቢሳሳት እንደሚቀለው ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው መልስ። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ተጠግቶ ነው። ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከሌሎቹ ዝንጀሮዎች የሚለየው ሣር በልነቱ ነው፤ ቁጭ ብሎ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። ገብስም የሣር ዘር ስለሆነ በእሱ ዓይን የገበሬው ማሳ የተሻለ ሣር ነው፣ ከዚያ በላይ ትርጉም የለውም። ቤተሰብ ቤተሰብ ሆኖ ይኖራል፤ አንድ ጎፈራም አውራ፣ ጥቂት እንስቶችና ግልገሎቻቸው። ብዙ ቤተሰብ ሲገናኝ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፦ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ገደሉ ነው። ገደሉ ቤቱም ምሽጉም ነው።

ስለዚህ ማሳው መሃል ለቆመ ልጅ አቀማመጡ እንዲህ ይሆናል። ከኋላው ገብስ፣ ከፊቱ ጭላዳ፣ ከጭላዳው ኋላ ገደል። ድንጋዩ ከጭላዳው ፊት፣ በእሱና በገብሱ መካከል ቢያርፍ፣ አቧራ ቢያስነሳ፣ ጭላዳው ወደ ኋላ ይመለሳል። መንገዱም ፍርሃቱም ወደ ገደሉ ይወስዱታል። ድንጋዩ ግን ጭላዳውን አልፎ ገደሉ አፍ ላይ ቢያርፍ ድንጋጤው ከኋላው ይመጣበታል። ከኋላው የተነካ እንስሳ ወዴት ይሮጣል? ወደፊት፤ ማለትም ገብሱ ውስጥ። ክንደ ብርቱው ልጅ እየወረወረ መንጋውን ወደ ማሳው ሲነዳው በዓይኔ አይቻለሁ። ተመልካች ያጨበጨበለት ያን ጊዜ ነበር። «አየኸው? እገደሉ አፍ!»

ሽማግሌው ያወቁት ይህንን ነው። ጥሩ ድንጋይ ማለት አጭር ድንጋይ ነው፤ አንድ ክንድ ያህል ፊት ለፊት የሚወድቅ፣ ማንንም ሳይነካ መንጋ የሚመልስ። ከብት የሚጠብቅ እረኛም ይህን ያውቀዋል፤ መንጋውን የምትመራውን ላም ለማዞር ከፊቷ ይወረውራል እንጂ ላሟን አይመታም። እንዲያውም ጭላዳን መምታት የሥራው ውድቀት ነው። የተመታው ይቆስላል፣ አውራው ይቆጣል፣ መንጋው ይበተናል፤ የተበተነ መንጋ ደግሞ በአምስት በኩል ይገባል። ያ ብቻም አይደለም፤ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም።

ጭንቁ የሚመጣው ግን በአንድ በኩል ሲመጡ አይደለም። ከገደሉ አፍ ያለው ቤተሰብ ሣሩን እየነጨ ቀስ ብሎ ይቀርባል፣ የልጁንም ዓይን ይይዛል። በዚያው ሰዓት ሌላው ቤተሰብ በውኃ መውረጃው ቦይ ተደብቆ በጎን ይመጣል። ተማክረው ነው እያልኩ አይደለም፤ ለልጁ ግን ልዩነት የለውም። ኮሶዬ ላይ ደግሞ ጉም አለ፤ አሁን የታየው ከአፍታ በኋላ አይታይም። ከገደሉ ሽቅብ የሚነፍሰው ነፋስ የተወረወረውን ድንጋይ ያነሳዋል። ያን ቀን እንደዚያ ሆነ፤ ከቦዩ በኩል ሦስት እንስቶች ብቅ አሉ፣ አንዷ ግልገል አዝላለች።

ልጁ መጀመሪያ ያየው ወደ እግሩ ነው። ይህን ማንም አላስተዋለም፤ እኔም ያስተዋልኩት ሽማግሌው በከዘራቸው ጠቆም አድርገውኝ ነው። እግሩን አየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ሁለተኛው የድንጋይ ክምር ተጠጋ፣ ግራ እግሩን ወደ ቦዩ አዞረ። አልሮጠም። አልጮኸም። ቀርበው የነበሩት በቦዩ የመጡት ናቸውና ድንጋዩን ለእነሱ ሰደደ፤ ከመጀመሪያዋ እንስት ፊት፣ ከግልገሏ ርቆ፣ ደረቅ አፈር ላይ አረፈ። እዚህ ላይ የእጁን ሥራ ማየት ነው። ድንጋዩ አየር ላይ በቆየበት ሁለት ሰከንድ ያህል ጊዜ ቀለበቱ ከጣቱ አልወጣም፣ ቋጠሮዋ ተመልሳ ተቆንጥጣለች፣ ሌላ ድንጋይ መሃሉ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው የት እንዳረፈ አላየም። ዓይኑ ቀድሞ ወደ ገደሉ አፍ ሄዷል። ሁለተኛው ድንጋይ ከገደሉ በኩል ከመጡት ፊት ሲያርፍ በቦዩ የመጡት እንስቶች ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።

ትልቁ ልጅ እዚያ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ምናልባት ይበልጥ ያርቅ ነበር። ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ጎልማሳው የያዘው ነገርም ውኃ የሚያነሳ ነው። ሰፊ ማሳ አለ፣ ሮጦ የማይደረስበት ማዕዘን አለ፣ ነፋስ ፊት ለፊት የሚመጣበት ቀን አለ። በዚያን ጊዜ አጭር ክንድ አጭር ነው፤ ሌላ ስም አይወጣለትም። ብቻ ክንድ ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ሁለተኛውን ድንጋይ ሳያዩ ማጉረስ ግን ከዕድሜ ጋር አይመጣም፤ ሽበት ያወጡ ሰዎች ሳይችሉት አይቻለሁ።

ሙግቱ ራሱ አዲስ አይደለም። አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17ን የገለጠ ሰው ሳኦል ስለ ዳዊት ያለውን ያስታውሳል፤ ልጅ ነህ፣ አትችለውም ነው ነገሩ። ዳዊት የመለሰለት ስለ ክንዱ አይደለም። በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ እንደመጡበት ነው የነገረው፤ ማለትም ጭንቅ ውስጥ ምን እንዳደረገ። ሳኦል ያለበሰውን ጥሩር አውልቆ፣ ከጅረቱ አምስት ድንጋይ መርጦ፣ አንዱን ብቻ ተጠቀመ። አምስት መያዙን ሁሌም እወድለታለሁ፤ እምነቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ክምሩን አልረሳም። መሳፍንት 20 ላይ ደግሞ ከብንያም ወገን ጠጉር እንኳ የማይስቱ 700 ግራኝ ወንጭፈኞች እንደነበሩ ተጽፏል። የጥንት ጸሐፊዎች በሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ስላሉት የባሌአሪክ ደሴቶች ሲያወሩ፣ እናቶች ልጃቸው ዳቦውን በወንጭፍ ካልመታ አያበሉትም ነበር ይላሉ። የኮሶዬ እናት ይህን ብትሰማ የምትለውን አውቃለሁ፦ በእህል ላይ ድንጋይ ይወረወራል እንዴ!

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያዩት የዚያ አገር እግር ኳስም ከዚህ የራቀ ሙግት የለውም። እዚያ ቡድኑን የሚመራው ወርዋሪ ነው። ኳሷ እጁ ከገባች በኋላ ግዙፍ ተከላካዮች ሳይጥሉት ለመወርወር በአማካይ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል አለው፤ ከልጃችን ብዙም አይበልጥ። በየዓመቱ አዲስ ወጣት ሲመለመል ደጋፊው «ክንድ አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ቶም ብሬዲ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲመለመል መልማዮቹ የክንዱን ጉልበት አልወደዱለትም፤ የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነው። በኋላ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። እሱም ቢሆን ወደ ሰው አልነበረም የሚወረውረው፤ ጓደኛው ሊደርስበት ወዳለው ባዶ ቦታ ነበር።

ወደ ጎንደርም ስንመለስ፣ አጼዎቹ የሚባሉት ፋሲል ከነማዎች በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ መሃል ሜዳው ላይ ሱራፌል ዳኛቸው ነበር። ስለ አማካይ የሚከራከር ደጋፊ የኳሷን ርቀት ይቆጥራል። የተሻለ የሚያይ ግን ኳሷ ከመምጣቷ በፊት ተጫዋቹ ቀና ማለቱን፣ እግሩ ወዴት እንደተከፈተ፣ ቀጣዩን ኳስ ወዴት ሊሰድ እንዳሰበ ያያል። ኮሶዬ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት ሽማግሌ ስታዲየም ገብተው ቢያውቁ ጥሩ ደጋፊ ይወጣቸው ነበር።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ገብሱ የሚደርሰው ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። ልጁ ማሳ ላይ ሲውል ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አባቱን አልወቅስም፤ ያ ማሳ የቤቱ በሶ፣ ቆሎና የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው። ተራ እየገቡ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው። እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። ጥበቡን እያደነቅሁ ዋጋውን ብዘለው ግን ያላየሁ እሆናለሁ።

ሌላው የሚያበላሸው እኛው መንገደኞቹ ነን። መኪናችንን አቁመን ልጆቹን «እስቲ ወርውር!» እንላለን። ለራቀው ብር እንሰጣለን፤ ከዚያም ብሶ «ያንን ጭላዳ ምታው» የሚል አለ። ልጅ የተከፈለበትን ይለማመዳል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከቀጠለ አጭሩን ድንጋይ የሚያውቅ ልጅ አይገኝም፤ ሁሉም እገደሉ አፍ የሚያደርስ ይሆናል፤ ገብሱንም ጭላዳው ይበላዋል።

ስለዚህ በዚህ ጥቅምት ኮሶዬ የምታልፉ ሁሉ፣ ጭላዳውን ተዉት። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ካገኛችሁ 60 ሜትር ያህል ርቆ ያለ አንድ ቁጥቋጦ አሳዩትና ከእሱ አንድ ክንድ ፊት ለፊት እንዲጥል ለምኑት። ከዚያም ሳያርፍ ሌላ ቁጥቋጦ በጎን አሳዩት። ሁለቱንም ሳይነካ ከፊታቸው ካሳረፈ፣ ክፍያው የእሱ ነው።